የመለዋወጫ ሱቁ የአየር ኃይል ጄኔራል

በዚህች አገር ጦር ሜዳ ረግጦ የማያውቅ ጄኔራል የሌለበት ከተማ ካለ፣ ያ ከተማ ገና ከተማ አልሆነም ማለት ነው። የቧንቧ ውሃ ሳይገባ፣ መንገዱ ኮብልስቶን ሳይለብስ በፊት ጄኔራሉ ይገባል። አንዱ ጋ ፀጉር አስተካካይ ሆኖ ይገኛል፣ ሌላው ጋ ጡረታ የወጣ ሒሳብ ሹም። ጠመንጃ ተኩሶ አያውቅም፤ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን ያዞራል። ነገር ግን ሞስኮ ለምን እንዳልተያዘች ያውቃል፣ የትኛው ድልድይ መሰበር እንደነበረበት ያውቃል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እናንተ ምን እንደማታውቁ አሳምሮ ያውቃል።

ጋምቤላ በዚህ በኩል አልተበደለችም። ለሌላው ከተማ እግረኛ ጦር ሲደርሰው ለእሷ የአየር ኃይል ደረሳት።

ክቡር ጄኔራል ኢድሪስ ገበያው መሃል የባጃጅና የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ይሸጣሉ። ከወሎ የመጡት ገና ጎልማሳ ሳሉ ነው። ማዕረጉን የሰጣቸው መንግሥት አይደለም፤ ከጎናቸው ጨርቅ የምትሸጠው ሰውዳ ናት። አንድ ቀን ወሬያቸውን ሊሰማ የቆመው ሰው በራፏን ድፍን አድርጎ ቢዘጋባት ጊዜ፣ "ጄኔራል፣ ጦርህን ወደ ራስህ ግዛት አስገባልኝ" አለቻቸው። የቆመው ሁሉ ሳቀ፤ ሹመቱም በዚያው ጸደቀ።

ጄኔራሉ ታዲያ በተራቸው አንድ ጄኔራል አላቸው። ፎን ሃርትሽታይን ይባላል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አየር ኃይል አዛዥ ከነበሩት አንዱ ነው ይላሉ። ያገኙት ከስልክ ነው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሚሞሪ ካርድ ላይ ትረካ ገልብጦላቸው ሄደ፤ ድምፁ ጎርናና የሆነ ሰው የፎን ሃርትሽታይንን የውትድርና ዘመን ከፈረሰኛ መቶ አለቅነቱ ጀምሮ ክፍል በክፍል የሚያወራበት። ሌላው ሰው በሚሞሪው ላይ ዘፈኑንም ፊልሙንም ሲያጭቅ፣ እሳቸው ሁሉንም አጥፍተው ፎን ሃርትሽታይንን ብቻውን አነገሡ። መብራት በጠፋ ቁጥር ይሰማሉ። ጋምቤላ ውስጥ መብራት ምን ያህል እንደሚጠፋ የሚያውቅ፣ ጄኔራል ኢድሪስ ስለ ሰውየው ምን ያህል እንደሚያውቁ መገመት አያቅተውም።

ይህን ዕውቀት በነፃ ነው የሚያድሉት። ችግሩ እምቢ ማለት አይቻልም። የባጃጅ ነጂው ጋትኬክ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሱቃቸውን መመላለስ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ አንድም ቀን የሚፈልገውን ዕቃ ከነወሬው እንጂ ለብቻው ይዞ ወጥቶ አያውቅም።

"ጋሼ ኢድሪስ፣ አንድ ካንዴላ ይስጡኝ። ሞተሩ አልነሳ ብሎኛል፤ ተሳፋሪ አስቀምጫለሁ።"

"ፎን ሃርትሽታይን መጀመሪያ ፈረሰኛ እንደነበር ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ ጋሼ። ባለፈው ነግረውኛል።"

"ባለፈው የነገርኩህ እንዴት ፈረስ ላይ እንደወጣ ነው። ዛሬ እንዴት እንደወረደ ልንገርህ።"

እና ይነግሩታል። ካንዴላው በእጃቸው ነው፤ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ያደርጉታል እንጂ አይሰጡትም። ፈረሱ በጥይት ይወድቃል፣ ወጣቱ መቶ አለቃ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ሽቅብ ሲያይ አንዲት አውሮፕላን ስታልፍ ይመለከታል፣ "ከዛሬ ጀምሮ እኔ ከላይ ነኝ" ብሎ ይምላል። ውጭ ተሳፋሪው ላብ በላብ ሆኖ ይጠብቃል። አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ በእግሩ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ ወርዶ ሱቁ በር ላይ ይቆምና፣ "እሺ፣ ከዚያስ?" ይላል፤ ጋትኬክን የሚያናድደው ይሄኛው ነው።

"ከላይ ሲታይ" የምትለው ቃል እንግዲህ ከዚያ መጣች። ጄኔራል ኢድሪስ ያለ እሷ አፋቸውን አይከፍቱም። የቤንዚን ሰልፍ ሲረዝም፣ "ከላይ ሲታይ እኮ ሰልፉ ሁለት ቦታ መከፈል ነበረበት" ይላሉ። ሰውዳ ከሱቅ አከራይዋ ጋር ስትጨቃጨቅ፣ "ከላይ ሲታይ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል" ብለው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ጠላት ያደርጓቸዋል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ለባለቤታቸው ለሪድዋና፣ "ከላይ ሲታይ ወጡ ጨው በዝቶበታል" አሏት።

"እንግዲያው ከላይ ሆነህ ብላ" ብላ ሳህኑን አነሳችባቸው። ያን ቀን ሱቅ የገቡት ብስኩት እየበሉ ነው።

ስለ ፎን ሃርትሽታይን ክፉ ማውራት ግን አይቻልም። ሰውዳ አንዴ ሞክራ ነበር።

"ስማኝማ ኢድሪስ፣ ይሄ ሰውዬህ የሂትለር ሰው አይደል እንዴ?"

"እሱ ወታደር ነው። ፖለቲካ አያውቅም።"

"ጄኔራል ሆኖ ፖለቲካ የማያውቅ እስቲ አንድ ጥራልኝ" አለች ሰውዳ። ጄኔራሉ ኩሽኔታ መቁጠር ጀመሩ። እሳቸው መልስ ሲጠፋቸው ኩሽኔታ ይቆጥራሉ።

ከፎን ሃርትሽታይን ታሪክ አብልጠው የሚወዷት አንዲት ቃል ነበረች። የጀርመን ጦር ሩሲያ ውስጥ በበረዶ ተከቦ ሳለ አለቆቹ ፎን ሃርትሽታይንን ጠርተው፣ "ይህን ሁሉ ሰው ስንቅ በአየር ልታደርስለት ትችላለህ?" አሉት። እሱም ቀጥ ብሎ፣ "እችላለሁ" አለ። ጄኔራል ኢድሪስ እዚህ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ጣታቸውን ያነሳሉ። "አየህ፣ ወንድ ማለት ይሄ ነው። አላውቅም የለም፣ እስቲ ልሞክር የለም።"

"እና ቻለ?" አለ ጋትኬክ አንድ ጊዜ፣ የዋህ ሆኖ።

"እሱ ሌላ ክፍል ነው" አሉና ካንዴላውን ቶሎ ሰጥተው አሰናበቱት። በፍጥነት የተስተናገደው ያን ቀን ብቻ ነበር።

እንግዲህ ጋትኬክ እኚህን ሰው ይዞ ሚስት ሊጠይቅ የሄደ ዕለት ነው ጉዱ የፈላው።

ኛጋይ ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር ነው የምትኖረው፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። በባጃጁ እየተመላለሰች ተዋወቁ፣ ተዋደዱ። የጋትኬክ አባት ሞተዋል፤ አጎቱ ኮት ከፑኝዶ መጥቶ ከኛጋይ አባት ከአቶ ኩን ጋር ስለ ጥሎሹ ከብት ተነጋገረ፣ ተከራከረ፣ ተስማማ። ሁሉም ካለቀ በኋላ አቶ ኩን አንድ ነገር ጨመሩ።

"ዘመድህን አውቄዋለሁ" አሉት ጋትኬክን። "አንተን ግን ዘመድህ አይነግረኝም። ዘመድ ይዋሻል። እኔም ለልጄ እዋሻለሁ። እዚህ ከተማ ውስጥ የሚያውቅህ ሌላ ሰው አምጣ። አንድ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ።"

ጊዜም አልነበረም። ሌላ ጠያቂ ነበረ፤ የኢታንግ ሰዎች እሁድ እንመጣለን ብለዋል፤ ልጃቸው የመንግሥት ደመወዝ ያለው ነው ይባላል። ጋትኬክ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ከተማ ውስጥ በደንብ የሚያውቀው ማን ነው? ቢያስብ ቢያስብ ከጄኔራሉ በቀር ሰው አጣ።

ጄኔራል ኢድሪስ ነገሩን ሲሰሙ ሱቁን ግማሽ ዘጉ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጠርገው ካርታ ዘረጉ፤ ካርታው የባጃጅ ዕቃ ነው። ፍሪሲዮኑ የአቶ ኩን ግቢ ሆነ። ቡሎኖቹ የኢታንግ ሰዎች ሆኑ። ካንዴላዋ ራሳቸው ናቸው፤ መሃል አቆሟት።

"ጋሼ፣ ሰውየው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠይቅዎት" አለ ጋትኬክ።

"እሱ ነው ስህተቱ። ከላይ ሲታይ ጥያቄው ማጥመጃ ነው።" ወዲያው ሰውዳን ለስለላ ወደ ኒውላንድ ላኳት፤ እሷም የምታውቃቸው ሴቶች ስለነበሩ ሄዳ ተመለሰች። "ሰውየው ደግ ናቸው" አለች። "ሻይ በብዙ ስኳር ይወዳሉ። የተሽሞነሞነ ንግግር አይወዱም። አጭር መልስ ስጣቸውና ና።" ጄኔራሉ አመሰገኗትና ዘገባዋን ወዲያው ረሱት። ፎን ሃርትሽታይን የሰላይ ወሬ አያምንም ነበር አሉ።

የአቶ ኩን ግቢ ውስጥ ትልቅ ማንጎ አለ፤ ከሥሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። አቶ ኩን ረጅም፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው ኛፑዎክ ሻይ አቀረበች። ኮት ገና ሳይባል ተቀምጦ ዳቦውን ሻይ ውስጥ መንከር ጀምሯል። ጋትኬክም ተቀመጠ። ጄኔራል ኢድሪስ ኮታቸውን ቆልፈው እንደቆሙ ቀሩ።

"ተቀመጥ" አሉ አቶ ኩን።

"አንቀመጥም አባቴ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።"

በወሎ ወግ ሰውየው አልተሳሳቱም። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ተቀመጡ ሲባል እንዲህ ነው የሚለው፤ ባለቤቶቹም "ጉዳያችሁ ይሰማል፣ ግድ የለም ተቀመጡ" ይላሉ፣ ይቀመጣል። ሁሉም መልሱን ያውቃል። በአቶ ኩን ግቢ ግን ተቀመጥ ተብሎ የማይቀመጥ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ሊያስር የመጣ ነው፣ ወይ ሊጣላ። አቶ ኩን ኮትን አዩት። ኮት አፉ በዳቦ ሞልቷል።

"እሱ ተቀምጧል" አሉ አቶ ኩን።

"እሳቸው ዘመድ ናቸው። እኔ ሽማግሌ ነኝ።"

"እኔም ሽማግሌ ነኝ። ተቀምጫለሁ።"

ጄኔራሉ ግድ የለም ተቀመጡ እስኪባሉ ይጠብቃሉ፤ አቶ ኩን ደግሞ ሰውየው ለምን እንደተቆጣ እስኪነግራቸው ይጠብቃሉ። የጋምቤላ ሙቀት ኮት የለበሰን ሰው ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል። ላቡ ከግንባራቸው ወርዶ አገጫቸው ላይ ተንጠለጠለ። ጋትኬክ ኮታቸውን በቀስታ ጎተት ቢያደርግ እጁን መቱት።

አቶ ኩን በመጨረሻ ጥያቄያቸውን ጠየቁ። "ይህ ልጅ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

ቀላል ጥያቄ ናት። "ጥሩ ልጅ ነው" ቢሉ በቃ፣ ሠርግ ነበር። ጄኔራል ኢድሪስ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ለዚህ መልሱ ያለው ጀርመን አገር ነው" አሉ።

ጋትኬክ ዓይኑን ጨፈነ። ሰውየው ከፈረሱ ጀመሩ። ከፈረሱ ወደ አውሮፕላኑ ወጡ። ጀርመን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተሸንፋ አየር ኃይል እንዳይኖራት በተከለከለች ጊዜ ፎን ሃርትሽታይን የስፖርት አሠልጣኝ መስሎ አብራሪ እንዴት እንዳፈራ አስረዱ። ኛፑዎክ ሻይ ደግማ ቀዳች። ኮት ሁለተኛ ዳቦ አነሳ። የአቶ ኩን ፊት ላይ ምንም አይነበብም። ጄኔራሉ ዝምታውን አድናቆት አድርገው ወሰዱትና ሞቃቸው፤ እጃቸውን ዘርግተው ከማንጎው ጫፍ በላይ አሳዩ።

"አንድ ማለዳ አንዲት ከተማ ላይ ደረሰ። ከላይ ሲታይ ከተማዋ የክብሪት ሳጥን ታክላለች። ፀሐይ ሳትሞቅ አመድ አደረጋት። የጀመረውን ሳይጨርስ አይመለስም ነበር። ጋትኬክም ልክ እንደዚያው ነው።"

አቶ ኩን ብርጭቋቸውን መሬት አስቀመጡ።

"ከታች ማን ነበር?"

"እንዴት አሉኝ?"

"ከተማው ውስጥ። ከታች። ማን ነበር?"

"ያው... ጠላት ነበራ።"

"እኔ ልጅ ሆኜ አውሮፕላን መጣብን" አሉ አቶ ኩን። "ከድንበሩ ማዶ፣ ጦርነት ነበር። እኔ የጠፋ ጥጃ እፈልግ ነበር። እህቴ ከኋላዬ ነበረች። ከላይ ያለው ሰው እኛንም ጠላት ብሎን ይሆናል።" እጃቸውን ወደ ድንበሩ ዘረጉ። "እህቴን እዚያው ቀበርናት" አሉና ተነሱ። "ሻይ ጠጣና ሂድ። ሻይ አልከለክልህም።"

ከዚያ በኋላ ሻዩን የጠጣ የለም፣ ከኮት በቀር።

ኛጋይ ማታ ደውላ ጋትኬክን፣ "አንድ ሰው አምጣ ተባልክ፤ የአውሮፕላን ጦር ታመጣብናለህ?" አለችው። ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። "አባቴ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አይበላም፤ ብቻውን ተቀምጧል። የኢታንግ ሰዎች እሁድ ይምጡ ብሏል።"

ጋትኬክ ከጄኔራሉ ተቆራረጠ። ልቡ ቆስሏል፤ ዓይናቸውን ማየት አልፈለገም። በማግስቱ ካንዴላ ሲያስፈልገው ከሌላ ሱቅ ገዛ። ባለሱቁ ዕቃውን ሰጠው፣ ብሩን ተቀበለው፣ አለቀ። ጋትኬክ በሩ ላይ ትንሽ ቆመ። የሆነ ነገር የጎደለ መሰለው፤ ምን እንደሆነ ሲገባው ደግሞ በራሱ ተናደደ።

ገበያው በመጀመሪያው ቀን ደስ ብሎት ነበር። ጄኔራሉ ዝም ብለዋል፤ ሰው ዕቃውን ገዝቶ ይሄዳል፣ የሰውዳ በራፍ ክፍት ነው። በሁለተኛው ቀን ሰውዳ ራሷ ሄዳ፣ "ዛሬ ሩሲያ አልገባህም?" ብትላቸው፣ "አልገባሁም" ብለው ኩሽኔታቸውን ቆጠሩ። ከሰዓት በኋላ ሪድዋና ጋትኬክን መንገድ ላይ አስቆመችው።

"ምን አድርጋችሁብኝ ነው ሰውየውን?"

"እኔ ምንም አላደረግኩም እትዬ ሪድዋና። እኔ ነኝ የተጎዳሁት።"

"መብራት በርቶ እያለ ስልኩን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይሰማል" አለች። "ደስ ብሎት አይደለም። የወደቀበትን ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ነው የሚሰማው። ያልቃል፣ እንደገና ይጀምራል። ጨው ጨምሬ ወጥ ሠራሁለት፣ እንዲናገረኝ ብዬ። ዝም ብሎ በላው።" ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ቅዳሜ፣ ገበያው ጭንቅንቅ ባለበት ሰዓት፣ ጄኔራሉ ሱቃቸውን ዘጉ። ቅዳሜ ሱቅ ዘግተው አያውቁም። መንገድ ዳር ወጥተው ያገኙትን ባጃጅ በእጃቸው አስቆሙና ገቡ። ነጂው ጋትኬክ ነበር።

እዚህ ላይ አንቱታውን እናውርድለት። ባጃጁ ውስጥ የገባው ጄኔራል አልነበረም፤ መለዋወጫ ሻጩ ኢድሪስ ነበር፣ ኮት ያልለበሰ፣ ፀጉሩ ያልተበጠረ፣ ሸሚዙ ላይ ግራሶ ያለበት።

ኢድሪስ ነጂው ጋትኬክ መሆኑን በመስታወቱ አየ። ወርዶ ሌላ ሊይዝ ብድግ አለና መልሶ ተቀመጠ። "ኒውላንድ" አለ። ጋትኬክ ሞተሩን አስነስቶ አቶ ኩን ግቢ ድረስ ወሰደው።

ጋትኬክ ከአጥሩ ውጭ ባጃጁ ላይ ቀረ። አጥሩ የሸምበቆ ስለሆነ የሚነገረው ሁሉ ይሰማል። አቶ ኩን ማንጎው ሥር ነበሩ። ኢድሪስ ገባ፣ ሰላም አለ፣ ተቀመጥ ሳይባል ያገኘው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ወንበሯ አንድ እግሯ የተሰነጠቀ ናት፤ እሱ አላያትም።

"አባቴ፣ ባለፈው የጠየቁኝን ልመልስ ነው የመጣሁት" አለ። "ትረካውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደግሜ ደጋግሜ ሰማሁት። የፈረሱ ስም አለ። የጓንቱ ቀለም አለ። ቁርስ ምን እንደሚበላ እንኳ አለ። ከታች ማን እንደነበረ አንድም ቦታ የለም። እኔም ይህን ሁሉ ዓመት ሳወራው አንድ ቀን ማን ነበር ብዬ አልጠየቅኩም። አላውቅም። የእህትዎን ነገር ሳላውቅ አፌን ከፈትኩ። አፈርኩ፤ ይቅር ይበሉኝ።"

ጋትኬክ ከአጥሩ ማዶ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ኢድሪስ አላውቅም ሲል የሰማ ሰው ገበያው ውስጥ የለም፤ ቢነግራቸውም አያምኑትም።

"እሺ" አሉ አቶ ኩን። "ያኛውን አታውቅም። ልጁንስ?"

"ልጁን አውቀዋለሁ" አለ ኢድሪስ፣ ድምፁ ትንሽ ነፍስ ዘርቶ። "እኔ ሰው የማውቀው በሚገዛው ዕቃ ነው። ሲርበው ነጭናጫ ነው፤ አልዋሽዎትም። በካንዴላ ዋጋ ይጨቃጨቀኛል። በጎማ ዋጋ ይጨቃጨቀኛል። በመስታወት እንኳ አንድ ሰዓት ያደርቀኛል። በፍሬን ግን አንድም ቀን ተጨቃጭቆኝ አያውቅም። 'ጥሩውን ይስጡኝ ጋሼ' ብሎ የጠራሁትን ይከፍላል፤ ኪሱ ባዶ በሆነ ጊዜ ምሳውን ትቶ ፍሬን ሲገዛ አይቻለሁ። ስንቱ ነጂ ነው ፍሬኑን በሽቦ አስሮ ሰው የሚጭነው? ካንዴላ ቢበላሽ የሚቆመው እሱ ነው። ፍሬን ቢበላሽ የሚሞተው ከኋላ የተቀመጠው ነው። ልጅዎ ከኋላ ነው የምትቀመጠው አባቴ። ሌላ የማውቀው የለም።"

ጋትኬክ አንገቱን ደፋ። ይህ ሰው እያወራ እያወራ ዓመታት ሙሉ እጁን ሲያይበት ኖሯል። ጋትኬክ ደግሞ ሰውየው የሚያየው ፎን ሃርትሽታይንን ብቻ ይመስለው ነበር።

ከዚያ አቶ ኩን፣ "ያ ሰውዬ መጨረሻው ምን ሆነ?" አሉ።

"የቱ ሰውዬ?"

"ያንተ ጀርመን።"

ኢድሪስ ተቁነጠነጠ፤ የተሰነጠቀችው ወንበር ጮኸች። "እሱን ክፍል ለሰው ነግሬ አላውቅም" አለ። "ስንቅ አደርሳለሁ ብሎ ነበር። አላደረሰም። በረዶ ላይ የነበሩት ሰዎች በረሃብ አለቁ፤ እሱ ሙቅ ቢሮ ውስጥ ነበር። ኋላ ደግሞ አውሮፕላኑም አለቀ፣ ነዳጁም አለቀ። ሲማረክ በጭቃ መንገድ እየሸሸ ነበር፣ በእግሩ።"

"በእግሩ?"

"በእግሩ። አንደኛውን ቦት ጫማ ጭቃው ውጦበት።"

"የአውሮፕላኑ ጄኔራል?"

"ራሱ።"

አቶ ኩን መጀመሪያ ትከሻቸው ተነቃነቀ። ከዚያ ሳቁ፤ ከሆድ የሚወጣ፣ ረጅም፣ እያቋረጠ የሚነሳ ሳቅ። ኛፑዎክን ጠሩና በኑዌር ቋንቋ ነገሯት፤ አንድ እግራቸውን ከጫማቸው አውጥተው እያነከሱ አሳዩዋት። እሷም ሳቀች፤ ቤት ውስጥ ያሉት ሴቶችም ሳቁ። ኢድሪስ መሳቅ ይገባው አይገባው እንደሆነ ግራ ገብቶት ቆየና፣ ኋላ እሱም ለቀቀው። በዚያው ወንበሯ ተሰበረች። መሬት ላይ ተዘርግቶም ሲስቅ ነበር።

አቶ ኩን እጁን ይዘው አነሱት። እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ ወደ ቤት ዞሩ።

"ኛጋይ፣ ለኢታንግ ሰዎች ደውዪላቸው" አሉ። "መንገዱ ጭቃ ነው፣ አትድከሙ በያቸው።"

ዝናብ ከጣለ ሰነባብቷል። ኛጋይ ግን የመንገዱን ነገር አልጠየቀችም፤ አባቷ ተናግረው ሳይጨርሱ ስልኩ ጆሮዋ ላይ ነበር።

ኢድሪስ ሱሪውን እያራገፈ ወጣና ባጃጁ ውስጥ ገባ። ጋትኬክ ዞሮ ሊያመሰግነው አፉን ከፈተ። ኢድሪስ ግን አልጠበቀውም። ፊቱ በርቷል፣ መቀመጫው ላይ ይቁነጠነጣል።

"ያቺ የቦት ጫማ ነገር" አለ፣ "እንዴት እንደሆነች ልንገርህ። መጀመሪያ ግን የማረኩት ወታደሮች እነማን እንደነበሩ ማወቅ አለብህ..."

ወደ ገበያው የሚያስገባው መታጠፊያ ጋ ደረሱ። ከዚያ ሱቁ ቅርብ ነው፤ ወሬው ግማሽ ሳይሆን ይደረሳል። ጋትኬክ መታጠፊያውን አለፈውና በባሮ ዳር ባለው በረጅሙ መንገድ ቀጠለ።

"እሺ፣ ከዚያስ ጋሼ?" አለው።